አይጥ የማይገድል፣ ጥብስ የሚበላ፦ ስለ ቡድሂዝም ሥነ ምግባር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የምሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ስሪላንካዊና የቡድሃ እምነት ተከታይ ሲሆን ጨዋና ሰው አክባሪ ነው። በቅርቡ መጋዘኑ ውስጥ አይጥ በዝቶ መርዝ ይደረግ ሲባል አጥብቆ ተቃወመ፤ ቀዳዳዎቹ እንዲደፈኑ፣ አይጦቹም ከነሕይወታቸው ተይዘው ሜዳ ላይ እንዲለቀቁ አደረገ። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ግን ከእኛ ጋር የበግ ጥብስ በላ። ምነው ብዬ ብጠይቀው ‹አልገደልኩም፣ አላስገደልኩም› አለኝ፤ ለእኔ ግን ሰበብ መሰለኝ። ደግሞስ ትእዛዝ የሰጠ አምላክ ሳይኖር ክፉና ደጉን በምን ይለያሉ? የሰው ነፍስ ለማዳን ብለው ቢዋሹስ ኃጢአት ይሆንባቸዋል?»

ምላሽ፦

ጠያቂዬ፣ የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፤ የሦስቱም ውል ግን አንድ ስለሆነ፣ እርሱ ከተያዘ ልቃቂቱ ይተረተራል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ በግ አርቢና ገብስ አራሽ ከሆነ ቤተሰብ ነው፤ የሃይማኖቶችን ንጽጽር በማስተማር ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ እምነቴም ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምጽፈው ማንንም ከእምነቱ ለማናወጥ ወይም የሌላውን እምነት ለማቃለል ሳይሆን፣ አብረውት የሚውሉትን ሰው በትክክል እንዲያውቁት ለመርዳት መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። «ሰበብ» መስሎ የታየዎት ነገር የእምነቱ ሊቃውንት ከ2,000 ዓመታት በላይ የተመራመሩበትና የተከራከሩበት ሐሳብ ነው፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም።

እኛም ከቡድሃ ታሪክ ጋር ያለን ትውውቅ የትናንት አይደለም። የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም በ1553 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ፣ አባቱ ከዓለም መከራ ሸሽጎ በቤተ መንግሥት ያሳደገው የሕንድ ንጉሥ ልጅ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ልቡ እንደተነካና በኋላም ክርስቲያን ሆኖ መንግሥቱን ትቶ እንደመነነ ይተርካል። የታሪኩ መነሻ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ «ቦዲሳትቫ» (ወደ ቡድሃነት የሚጓዝ ማለት ነው) የሚለው ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆኖ፣ ከዚያም በፊደል ነጥብ መሳሳት «ዩዳሳፍ» ተብሎ፣ በመጨረሻ በግእዝ «ይዋስፍ» ሆኗል። ታሪኩ በጉዞው ላይ ክርስቲያናዊ ሆነ እንጂ፣ የሌላውን ሥቃይ አይቶ የራስን ኑሮ መመርመር የሚለው የመጀመሪያው ስሜት ሳይለቀው ሰሜን ሸዋ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን «ትእዛዝ የሰጠ አምላክ ሳይኖር» ካሉት ልነሣ። ቡድሂዝም አማልክት የሚባሉ የሉም አይልም፤ የጥንት መጻሕፍቱ ስለ እነርሱ ብዙ ያወራሉ። የማይቀበለው ዓለምን የፈጠረ፣ ሕግ ያወጣ፣ በመጨረሻም የሚፈርድ አንድ ፈጣሪ አለ የሚለውን ነው። ይህ ከእኛ እምነት ጋር ያለው ልዩነት መሠረታዊ ስለሆነ ማለባበስ አያስፈልገውም። ስለዚህም የእምነቱ ተከታዮች የሚጠብቋቸው አምስት ደንቦች፣ ማለትም ሕይወት ያለውን ከመግደል፣ ያልተሰጠውን ከመውሰድ፣ ከዝሙት፣ ከሐሰት ንግግርና አእምሮን ከሚያደነዝዝ መጠጥ መራቅ፣ «አታድርግ» በሚል የትእዛዝ አነጋገር የተነገሩ አይደሉም። ምእመኑ የጥንት መጻሕፍቱ በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ በገዛ አፉ ይደግማቸዋል፤ የመጀመሪያው «ሕይወት ያለውን ከመግደል የመቆጠብን የሥልጠና ደንብ እቀበላለሁ» የሚል ትርጉም አለው። ደንቡም «ሲካፓዳ» ይባላል፤ የመሠልጠኛ እርከን እንደማለት ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው የዚህን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው ዜማውን ሲስት የኔታ ያርሙታል፣ እርሱም ተመልሶ ያንኑ ያዜማል እንጂ ስለሳተ ከጉባኤው አይወጣም። ስሪላንካዊው ምእመንም ደንብ ሲያፈርስ እንደገና ይቀበለዋል፤ በተለይ «ፖያ» በሚባለው የሙሉ ጨረቃ ቀን ብዙዎች ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ መቅደስ በመሄድ አምስቱን ወደ ስምንት ከፍ አድርገው ይቀበላሉ። በዚያ ቀን በአገሩ አረቄም ሥጋም አይሸጥም። ስምንቱን የተቀበለ ሰው ከቀትር በኋላ እህል አይቀምስም፤ እኛ ጾመን እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ እንደምንቆየው፣ እነርሱ ደግሞ ከቀትር ወዲያ ያለውን ይጾማሉ።

ደንቡን ራሱ የሚቀበለው ከሆነ፣ ማፍረሱን ስሕተት የሚያደርገው ምንድን ነው? ውሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ካርማ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ዕጣ ፈንታ ወይም እንደ ብድር መላሽ ይነገራል፤ በራሱ ቋንቋ ግን ትርጉሙ «ሥራ» ነው። ቡድሃ በዘመኑ ከነበሩት የሕንድ መምህራን የተለየው ሥራ የሚባለው ምን እንደሆነ በወሰነበት ቃል ነው፤ «ካርማ የምለው ሐሳብን ነው፤ ሰው አስቦ በሥጋው፣ በቃሉና በልቡናው ይሠራል» ብሎ መነኮሳቱን እንዳስተማረ በፓሊ መጻሕፍት ተጽፏል። ሐሳብ ሲል ሳይጠሩት መጥቶ የሚያልፈውን ትዝታ ሳይሆን፣ ሰው ሆን ብሎ የወደደውንና የቆረጠበትን ማለቱ ነው። በዘመኑ የነበሩት ጃይኖች፣ የሌላ የሕንድ እምነት ተከታዮች፣ ከሦስቱ የከፋው የሥጋ ሥራ ነው ሲሉ፣ እርሱ የሁሉ ምንጭ ልቡና ነው ብሎ ተከራክሯል። ክፉ ሥራም ክፉ የሚባለው ከስስት፣ ከጥላቻ ወይም ከድንቁርና ስለሚበቅል ነው፤ ከእነዚህ ሥር የበቀለ ሥራ ሠሪውንም ሌላውንም ይጎዳል፣ ያንኑ ሥርም መልሶ ያጠነክራል። የተዘራ ገብስ ጤፍ ሆኖ አይበቅልም፤ ለመብቀሉ ፈራጅ አያስፈልገውም ባይ ናቸው።

እኛ ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይሠራል ብለን የተማርን ሰዎች ይህ አከፋፈል እንግዳ አይሆንብንም። እነርሱም ክፉ ሥራዎችን አሥር አድርገው ሲቆጥሩ ሦስቱን ለሥጋ፣ አራቱን ለአንደበት፣ ሦስቱን ለልቡና ይሰጣሉ። ከአንደበት አራቱ ውስጥ ከሐሰት ሌላ ሰውን ከሰው የሚያጣላ ወሬ፣ ሻካራ ቃልና ፍሬ የሌለው ልፍለፋ መቆጠራቸው፣ ለአፍ የሰጡትን ትልቅ ቦታ ያሳያል። ልዩነቱ ያለው ከሥራው በኋላ ነው። ለእኛ በደሉ በእግዚአብሔር ፊት ስለሆነ ንስሐና ስርየት አለው። ለእነርሱ ይቅር የሚል የለም፤ ያለው የሥራው ፍሬና፣ ያንን ፍሬ የሚያለዝብ የተለወጠ ኑሮ ነው።

ስለ ሐሳብ ክብደት ከሚነገሩት ታሪኮች እኔ በጣም የምወደው የቻኩፓላን ነው። ቻኩፓላ ዓይነ ስውር አረጋዊ መነኩሴ ነበር። ዝናብ ጥሎ ባባራበት ሌሊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሲያሰላስል፣ ከመሬት የፈሉትን ነፍሳት እየረገጠ ጨረሳቸው። በማለዳ የመጡ መነኮሳት ያንን አይተው ለቡድሃ ከሰሱት። ቡድሃም «ሲረግጣቸው አይታችሁታል?» ብሎ ጠየቃቸው። አላየንም አሉ። «እናንተ እርሱን እንዳላያችሁት፣ እርሱም እነርሱን አላየም» አላቸው፤ የመግደል ሐሳብ ስላልነበረው በደል የለበትም ብሎ አሰናበታቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው «ታዲያ ሳያውቁ ማድረግ ነጻ ያወጣል» ብሎ ይደመድማልና። ንጉሥ ሚሊንዳ ከመነኩሴው ናጋሴና ጋር ያደረገውን ውይይት በያዘው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ንጉሡ፣ አውቆ ክፉ ከሚሠራና ሳያውቅ ከሚሠራ የማን ይብሳል ብሎ ይጠይቃል። መነኩሴው የሳያውቁት ይብሳል ብሎ ይመልሳል፤ የጋለ ብረት መሆኑን አውቆ የሚነካ በጥንቃቄ ይነካል፣ ሳያውቅ የሚጨብጠው ግን እጁን ክፉኛ ይቃጠላል ይላል። ይህ የቻኩፓላን ታሪክ የሚያፈርስ ይመስላል። የሚታረቁት ሁለት ዓይነት አለማወቅ ሲለይ ነው፦ አንደኛው ከእግሬ ሥር ጉንዳን መኖሩን አለማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ጉንዳን ሆን ብሎ መርገጥ ክፉ መሆኑን አለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ከበደል ነጻ ያደርጋል። ሁለተኛው ራሱ ከሦስቱ ክፉ ሥሮች አንዱ፣ ድንቁርና፣ ስለሆነ ሰውየው ሳያፍርና ሳይሰቀቅ በሙሉ ክንዱ እንዲሠራ ያደርገዋል። እኛ ስንናዘዝ «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት» ብለን ሁለቱንም እናቀርባለን። በእኔ አስተያየት የእነርሱ ክፍፍል ለዚህ አባባል የሚጨምረው ነገር አለ፤ «ሳላውቅ» ያልነው የትኛውን አለማወቅ እንደሆነ መልሶ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

እንግዲህ ወደ መጋዘኑ እንመለስ። የቴራቫዳ ተንታኞች፣ ማለትም ስሪላንካ፣ ታይላንድና በርማ የሚከተሉት ወገን ሊቃውንት፣ የመግደል በደል ተሟላ የሚባለው አምስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው ይላሉ፦ ሕይወት ያለው ፍጡር መኖሩ፣ ሕይወት እንዳለው መታወቁ፣ የመግደል ሐሳብ መኖሩ፣ ለዚያ የሚደረግ ጥረት፣ በዚያም ጥረት ፍጡሩ መሞቱ። በገዛ እጅ መግደልና ሌላውን አዝዞ ማስገደል በዚህ ቆጠራ እኩል ጥረት ናቸው። መርዙ ቢደረግ ኖሮ አምስቱም ይሟሉ ነበር፤ አለቃዎ ፈርሞ ቢያዝዝ ደግሞ እጁ መርዙን ባይነካም የእርሱ ሥራ ይሆን ነበር። «አላስገደልኩም» ያለዎት ለዚህ ነው፤ ቃሉን መርጦ ነው የተናገረው። ሰውና አይጥ እኩል ናቸው ማለቱ ግን አይደለም። በደሉ እንደ ፍጡሩ ደረጃ፣ እንደ ጥረቱ መጠንና እንደ ሐሳቡ ክፋት ይመዘናል፤ ሰው የገደለ መነኩሴ ከምንኩስናው ለዘለዓለም ሲወጣ፣ እንስሳ የገደለ ግን ተናዞ የሚታለፍለት ጥፋት ነው ያለበት።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን ሲሰማ «እርሻስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ ትሉም ጢንዚዛውም አብሮ ይቆረጣል። ጥያቄው ለእነርሱም የቆየ ነው። ከ1ኛው እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚታመነው ባለቅኔ አሽቫጎሻ የቡድሃን ሕይወት በጻፈበት ግጥም ውስጥ፣ ወጣቱ ልዑል በማረሻ የተቆረጡትን ነፍሳት፣ በፀሐይ የጠቆሩትን አራሾችና የደከሙትን በሬዎች አይቶ እንደ ዘመድ ሞት አዘነ ይላል። መነኮሳት መሬት መቆፈር የተከለከሉ ናቸው፤ ለምእመናን ግን እርሻ የተከበረ ሥራ ነው፣ የአራሹ ሐሳብ እህል ማብቀል እንጂ ትል መግደል ስላልሆነ። የሚከብደው ሆን ተብሎ ተባይ ለማጥፋት የሚረጨው መድኃኒት ነው። በዚህ ላይ የቡድሃ አገር ገበሬዎችም ይረጫሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትክክል ነው ብለው አይከራከሩም፣ የኑሮ ግዴታ ያመጣው ጉድለት አድርገው ይይዙትና በሌላ በጎ ሥራ ለማመጣጠን ይጥራሉ። ጉድለትን ጉድለት ብሎ እየጠሩ መኖር ከባድ ነው፤ እኔ ግን ጉድለቱን ሕግ አድርጎ ከማጽደቅ ይልቅ ይህን አከብረዋለሁ።

ወደ ጥብሱ ስመጣ፣ የአለቃዎ መልስ መነሻው ቡድሃ ጂቫካ ለተባለው ሐኪም የሰጠው ምላሽ ነው። መነኮሳት ለምነው የሚያድሩ ስለሆኑ የተሰጣቸውን ይበላሉ፤ ሥጋ ከሆነ ግን እንስሳው ለእነርሱ ተብሎ ሲታረድ ያላዩ፣ ያልሰሙና ያልጠረጠሩ እንደሆነ ብቻ ነው። ዴቫዳታ የተባለ መነኩሴ ሥጋና ዓሣ ፈጽሞ ይከልከል ብሎ ሲጠይቅ ቡድሃ አልተቀበለውም። ሕጉ የወጣው ለመነኮሳት ቢሆንም ምእመናንም የሚያስቡት በዚሁ መንገድ ነው፦ በጉ አስቀድሞ ለገበያ ታርዷል፤ ምግብ ቤቱ የጠበሰው ለመጣው ሁሉ ነው፤ እርሱ ቢበላም ባይበላም የዚያ በግ ሕይወት አይመለስም።

ነገር ግን ጠያቂዬ፣ ልብዎ ያመነታበት ነገር ተራ ነገር አይደለም። ቡድሃ ምእመን እንዳይነግዳቸው ከዘረዘራቸው አምስት ነገሮች፣ ከጦር መሣሪያ፣ ከሰው፣ ከአስካሪ መጠጥና ከመርዝ ጋር ሥጋም አለበት። በላተኛው ንጹሕ ሆኖ ሻጩ በደለኛ ከሆነ፣ ንጽሕናው የቆመው በሌላ ሰው በደል ላይ ነው ማለት ነው፤ በተለያዩ የቡድሃ አገሮች የእርድ ሥራ በሌላ እምነት ተከታዮች እጅ መኖሩም ይህንኑ ያጎላዋል። ይህን ትችት መጀመሪያ ያነሣነው እኛ አይደለንም። በኋላ የተነሣው የማሃያና ወገን በአንዳንድ መጻሕፍቱ ሥጋ ገዢ ባይኖር ገዳይ አይኖርም ብሎ መብላትን ራሱን አወገዘ፤ በቻይና ከ502 እስከ 549 የነገሠው የሊያንግ ንጉሥ ዉ መነኮሳት ሥጋ እንዲተዉ ካደረገ ወዲህ የቻይና ገዳማት እስከ ዛሬ ከሥጋ ርቀው ይኖራሉ። በእኔ ሚዛን በዚህ ጉዳይ የማሃያናዎቹ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል። የአለቃዎን አቋም ግን ሰበብ አልለውም፤ ወሰኑን በግልጽ አስምሮ፣ በእርሱም ታምኖ የሚኖር ሰው አቋም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ የሰው ነፍስ ለማዳን መዋሸት፣ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ እምነት ውሸት ያለው ቦታ ከምንገምተው በላይ ነው። ቡድሃ ወንድ ልጁን ራሁላን ሲያስተምር፣ እግሩን ታጥቦ በጣሳው ሥር ጥቂት ውኃ አስቀረና አሳየው፤ አውቆ ለመዋሸት የማያፍር ሰው ምንኩስናው ይህን ያህል ጥቂት ነው አለው። ከዚያ ውኃውን ደፋው፣ ጣሳውን ገለበጠው፣ ባዶውንም አሳየው፤ በየደረጃው ያንኑ ደገመለት። በጦር ሜዳ ኩምቢውን የሚሰውር የንጉሥ ዝሆን ገና ለሕይወቱ የሚሳሳ ነው፤ ኩምቢውንም ካወጣ ግን የማያደርገው ነገር የለም፤ አውቆ የሚዋሽ ሰውም እንዲሁ የማይሠራው ክፉ የለም አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድን የገዛው አሾካ ለመነኮሳት በድንጋይ ባስቀረጸው ቃል ውስጥ አዘውትረው እንዲሰሟቸው ከመከራቸው ትምህርቶች አንዱ ይኸው ለራሁላ ስለ ሐሰት የተሰጠው ምክር ነው። ስለ ቡድሃ ያለፉ ሕይወቶች በሚተርኩት የጃታካ ታሪኮች ውስጥም፣ ወደ ቡድሃነት የሚጓዝ ሰው በሌሎች ደንቦች ሊሰናከል ይችላል፣ ለማታለል ብሎ ግን አይዋሽም የሚል ቃል አለ።

ስለዚህ ቴራቫዳው ገዳይ በር ላይ ቆሞ «የት ገባ?» ቢለው፣ የመጀመሪያ መልሱ ውሸት መፍቀድ አይሆንም። እውነት የሆነውን ሁሉ የመናገር ግዴታ ግን የለበትም። ቡድሃ ለልዑል አብሃያ እንዳስረዳው፣ እርሱ እውነት ያልሆነውን አይናገርም፤ እውነት ሆኖ የማይጠቅመውንም አይናገርም፤ እውነትና ጠቃሚ የሆነውን ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ይናገራል፤ ለሰሚው ቢመርም። በዚያው ጊዜ በልዑሉ ጭን ላይ ሕፃን ተቀምጦ ነበርና፣ ቡድሃ ይህ ልጅ ጠጠር ቢጎርስ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው፤ ልዑሉም ደም ቢወጣው እንኳ አወጣለታለሁ፣ ስለማዝንለት ነው ሲል መለሰ። የእውነት ንግግር መለኪያ እዚያ ጋ ከርኅራኄ ጋር ይጋጠማል። ዝም ማለት፣ ነገር ማዞር፣ በር ላይ ቆሞ አላስገባም ማለት፣ ይህ ሁሉ ተፈቅዷል።

ማሃያናዎቹ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ አሳንጋ፣ ለሌላው ሲል ብቻ የሚኖር ሰው ብዙዎችን ከሞት ለማዳን ቢዋሽ በደል አይሆንበትም፣ ራሱን ለማዳን ግን አይዋሽም ብሎ ጽፏል። ከዚህም የሚያስደነግጠው የመርከብ አዛዡ ታሪክ ነው። በመርከቡ 500 ነጋዴዎች አሉ፤ አንድ ወንበዴ ሁሉንም ገድሎ ሀብታቸውን ሊወስድ አስቧል። አዛዡ ይህን በሕልሙ ተረዳ። ለነጋዴዎቹ ቢነግራቸው በቁጣ ወንበዴውን ይገድሉታል፣ እነርሱም በነፍሰ ገዳይነት ይጠፋሉ፤ ዝም ቢል 500 ሰው ያልቃል፣ ወንበዴውም እጅግ ረጅም ዘመን በሲኦል ይሠቃያል። ስለዚህ እርሱ ራሱ በሲኦል መቃጠሉን ተቀብሎ፣ ለወንበዴውም ጭምር አዝኖ፣ ገደለው። የታሪኩ ሥጋት ግልጽ ነው፤ «አዝኜ ነው የገደልኩት» የማይል ነፍሰ ገዳይ የለምና። ለዚህ ነው ጸሐፊው አዛዡን ከቅጣት ነጻ አድርጎ ሳይሆን ቅጣቱን በራሱ ላይ ወስዶ እንዲሠራ ያደረገው። ዋጋውን ራሱ ሊከፍል ያልተዘጋጀ ሰው ይህን ታሪክ መጥቀስ አይገባውም።

የቴራቫዳ የመነኮሳት ሕግ ግን በዚህ ላይ አይበገርም። መነኮሳት በጽኑ ለታመመ ወንድማቸው አዝነው የሞትን መልካምነት ነገሩት፤ እርሱም ሞተ። ርኅራኄያቸው አልተካደም፤ ሆኖም ሞቱን ወደዋልና ከምንኩስና የሚያስወጣ በደል ሆነባቸው። ይኸው ሕግ በሌላ ቦታ፣ ቡድሃ ተቅማጥ ይዞት በራሱ ቆሻሻ ላይ የወደቀን መነኩሴ ከረዳቱ ከአናንዳ ጋር ሆኖ በገዛ እጁ አጥቦ አልጋው ላይ እንዳስተኛውና፣ «እኔን ሊያገለግል የሚወድ በሽተኛውን ያገልግል» እንዳለ ይተርካል። ለሚሠቃይ ሰው ማዘን ምን እንደሚመስል ሕጉ የሚያሳየው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ሲታመም ወይም ሲከስር «የእጁን ነው ያገኘው» የሚል አይጠፋም፤ ካርማን የሰሙ ሰዎችም ይህንኑ ጨካኝ ፍርድ በአዲስ ስም ሲደግሙት እሰማለሁ። ቡድሃ ሲቫካ ለተባለ ሰው በግልጽ የመለሰው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው የሚሰማው ሁሉ በቀድሞ ሥራው ምክንያት ነው የሚሉ ተሳስተዋል፣ ከሐሞትም፣ ከወቅት መለዋወጥም፣ ከጥንቃቄ ጉድለትም፣ ሌላው ከሚያደርሰው ጉዳትም ይመጣል አለው፤ ከቆጠራቸው ስምንት ምክንያቶች የሥራ ፍሬ አንዱ ብቻ ነው። የጥቅምት ውርጭ የመንዝን ገብስ ሲመታው የገበሬውን ኃጢአት መፈለግ በእነርሱም ትምህርት ስሕተት ነው።

ክፉና ደጉን በምን ይለያሉ ላሉት ከሁሉ የቀረበው መልስ በዚያው ለራሁላ በተሰጠው ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ከጣሳውና ከዝሆኑ ቀጥሎ ቡድሃ «መስታወት ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም «ለመመልከት» አለ። እንደዚሁ፣ ልትሠራ ስታስብ፣ በመሥራት ላይ ሳለህ፣ ሠርተህም ከጨረስህ በኋላ ሥራህን ተመልከት፤ እኔን፣ ሌላውን ወይም ሁለታችንን የሚጎዳ ነውን ብለህ ጠይቅ አለው። ገና ያልተሠራ ከሆነ ይቀር፤ ተጀምሮ ከሆነ ይቋረጥ፤ ያለፈ ከሆነ ለመምህር ወይም ለአስተዋይ ወንድም ተናዝዘህ ወደፊት ተጠንቀቅ፤ የልብ ብቻ ከሆነም እፈርበት። ይህን የተናገረው ገና ለጋ ለነበረ ልጅ ነው። ዳኛ የሌለበት ፍርድ እንዴት ይቆማል ለሚለው የእነርሱ መልስ ይህ መስታወት ነው፤ ጠንካራነቱ በየቀኑ በመመልከት፣ ድክመቱም ሰው ራሱን ሲያይ ዓይኑን መጨፈን ስለሚችል መሆኑን እነርሱም ያውቃሉ፤ አስተዋይ ወንድምን የጨመሩት ለዚህ ይመስለኛል።

የሥራ ባልደረባዎን ለፋሲካ ቤትዎ ሊጋብዙት ካሰቡ፣ ለእርሱ ክብር ብለው በግ እንዳያርዱ፤ ለእርሱ ተብሎ እንደታረደ ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ሊቀምሰው ይቸገራል፣ እንዳያስቀይምዎም ሲጨነቅ ይውላል። በጉ ለቤተሰቡ በዓል የሚታረድ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ቅርጫ ከሆነ ደግሞ በስሙ መደብ አያስይዙለት፣ በሬው የሚታረደው ለባለመደቦቹ ነውና። ጠላ ባይቀበል አይዘኑበት፤ ከአምስቱ ደንቦች አንዱን መጠበቁ ነው። ሽሮውንና ጎመኑን አብዝተው ያቅርቡለት፣ መስታወት ስለሚለው ትምህርትም እርሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት እንደተማረው ይጠይቁት፤ በመጽሐፍ ከማውቀው ከእኔ ይልቅ የሚኖርበት እርሱ ስለሆነ የተሻለ ይነግርዎታል።